ለልጆቻችን የጨዋታ ሰዓታቸውን እንመልስላቸው

በዚህ በኢየሩሳሌም፣ በኢትዮጵያ ጎዳና ዙሪያ የምንገናኝ ሰዎች የመጣንበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። ከፊሎቻችን በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተሰባሰበው ማኅበረሰብ አባላት ነን፤ ከፊሎቻችን በቂርያት መናሔም፣ በኔቬ ያዕቆብና በምሥራቅ ታልፒዮት ቤት የመሠረትን ቤተ እስራኤላውያን ነን። ልጆቻችን ግን የሚያድጉት በአንድ ከተማ ነው፤ ውሎአቸውም ተመሳሳይ ነው። ጧት በመኪና ወይም በአውቶቡስ ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ቀኑን ወንበር ላይ ይውላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሶፋው ላይ ስልክና ታብሌት ይዘው ይቆያሉ። ከመካከላቸው ሰውነታቸው የከበደባቸው፣ ደረጃ ሲወጡ የሚያለከልኩ፣ ከእኩዮቻቸው ጋር ለመሮጥ የሚያፍሩ አሉ። ዛሬ ስለ እነርሱ እንነጋገራለን። የምከራከረውም ለአንድ ሐሳብ ነው። ልጅ ወፍረሃል ስለተባለ አይንቀሳቀስም፤ የሚጫወትበት ሰዓት፣ የሚጫወትበት ቦታና አብሮት የሚጫወት ሰው ሲያገኝ ይንቀሳቀሳል። እነዚህን ሦስት ነገሮች ያሳጣነው እኛ አዋቂዎች ነን፤ የመመለሱም ግዴታ የእኛው ነው።

አስቀድመን የነገሩን ስፋት እንይ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 የሆኑ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ከሳምንቱም ቢያንስ በ3 ቀን ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲጨመርበት ይመክራል። ከዚህ ልክ የሚደርሱት ስንቶች ናቸው? በ2019 ይፋ የሆነና ከ146 አገሮች የ1.6 ሚሊዮን ተማሪዎችን መረጃ ያሰባሰበ ጥናት፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ታዳጊዎች 81 በመቶው በቂ እንቅስቃሴ እንደማያደርጉ አሳይቷል። ከወንዶቹ 78 በመቶው፣ ከሴቶቹ 85 በመቶው እንዲህ ናቸው። ውፍረቱንም ብናይ፣ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት መካከል ክብደታቸው ከልክ ያለፈው በ1990 ከመቶ 8 ብቻ ነበሩ፤ በ2022 ከመቶ 20 ሆነዋል፤ በቁጥር ከ390 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የልጅ ተፈጥሮ አልተለወጠም፤ ስንፍናም በድንገት በዓለም ሁሉ አልወረደም። ከአምስት ልጆች አራቱ የማይንቀሳቀሱ ከሆነ ጥፋቱን በአንዱ ልጅ ባሕርይ ውስጥ መፈለግ ፍርደ ገምድልነት ነው። የተለወጠው የልጁ ውሎ ነው፤ ያንን ውሎ የሚያዘጋጀውም ልጁ ራሱ አይደለም።

ይህ ለውጥ እንደ እኛ ማኅበረሰብ በፍጥነትና በጥልቀት የደረሰበት ብዙ የለም። በጎንደርና በትግራይ መንደሮች ልጅ ውኃ ይቀዳ ነበር፤ እንጨት ይለቅም፣ ከብት ይጠብቅ፣ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ ትምህርት ቤትና ገበያ ይደርስ ነበር። ያ ኑሮ ድካምም ችግርም የሞላበት ስለነበረ ይመለስ የሚል ሰው የለም። ነገር ግን ሰውነትን ከጧት እስከ ማታ የሚያንቀሳቅስ ኑሮ ነበር፤ ስፖርት ብሎ የጠራውም አልነበረም። ከ1984 መጨረሻ እስከ 1985 መጀመሪያ በሙሴ ዘመቻ 8 ሺህ ያህል ሰዎች፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ እስራኤል ገቡ። በአንድ በረራ ከጎጆ ወደ ፎቅ፣ ከዳገት ወደ ሊፍት፣ ከጓሮ ሰብል ወደ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ተሻገሩ። ዳያቢቲስ የተባለው የሕክምና መጽሔት ገና በ1988 ያወጣው ጥናት፣ ወደ እስራኤል በመጡ ወጣት ኢትዮጵያውያን ላይ የስኳር በሽታ ከፍ ብሎ መታየቱን አስታወቀ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሽታው ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በለጋ ዕድሜና ብዙም ሳይወፍሩ እንደሚይዛቸው አሳይተዋል። ይህን ያየችው የሐዴራዋ የሂሌል ያፌ ሆስፒታል ሐኪም ዶክተር ዐናት ያፌ ከማኅበረሰቡ ሰዎች ጋር ሆና በ1998 ጤና ብሪኡት የተባለውን ድርጅት መሠረተች፤ ድርጅቱ ለወገኖቻችን በቋንቋቸውና በባህላቸው የጤና ትምህርት ሲሰጥ ኖሯል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። የምግቡ ለውጥ፣ የውሎው ለውጥ፣ የአዲስ አገር ጭንቀት፣ ተፈጥሮም ጭምር ድርሻ አላቸው። ለወላጅ የሚተርፈው ትምህርት ግን ግልጽ ነው። የእኛ ልጅ ቀጭን ስለሆነ ብቻ ከአደጋው ነፃ ነው ማለት አይቻልም፤ የወፈረውም ልጅ፣ ቀጭን ሆኖ ተቀምጦ የሚውለውም ልጅ መንቀሳቀስ ያስፈልጋቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መጽናኛ ይነሣል፤ «እኛ የሯጮች ዘር ነን፤ መሮጥ በደማችን ነው» ይባላል። ኩራቱ ተገቢ ነው። ለእስራኤል የሚሮጠው ማሩ ተፈሪ በ2023 ቡዳፔስት ላይ በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ሁለተኛ ወጥቶ ብር ሲያጠልቅ፣ ከዚያም በፊት በ2022 ሙኒክ ላይ በአውሮፓ ሻምፒዮና እርሱ ብሩን፣ ጋሻው አያሌ ነሐሱን ሲወስዱ ደስ ያላለው የለም። ነገር ግን ደም ብቻውን ሯጭ አያደርግም። በ2003 ስለ ታላላቅ የኢትዮጵያ ሯጮች አስተዳደግ የወጣ ጥናት፣ የማራቶን ሯጮቹ ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ይልቅ በልጅነታቸው ወደ ትምህርት ቤት ረጅም መንገድ፣ ብዙዎቹም በሩጫ ይመላለሱ እንደነበር አመልክቷል። ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ባፈራችው በቆጂ ልጆቹን ሰብስቦ ያሠለጠናቸው ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። ስለዚህ ከሯጮቻችን ጀርባ ደም ብቻ ሳይሆን በየቀኑ የሚሄዱበት መንገድ፣ የሚሮጡበት ሜዳና የሚያበረታታቸው አዋቂ ነበሩ። እነዚህ ሦስቱ በሌሉበት፣ የዚያው ሕዝብ ልጅ ከሌላው ቀድሞ በስኳር በሽታ ሊያዝ እንደሚችል ከላይ ያነሣናቸው ጥናቶች ነግረውናል። የዘር ኩራት ልጁን ከሶፋው አያስነሣውም።

ታዲያ ምን ያስነሣዋል? መልሱን ይህች አገር በዓመት አንድ ቀን በግልጽ ታሳያለች። በዮም ኪፑር መኪና ከመንገድ ይጠፋል። ያን ጊዜ ልጆች በብስክሌት፣ በስኬትና በእግራቸው ጎዳናውን ይሞሉታል፤ ሌላ ጊዜ ከቤት አልወጣም የሚለው ልጅ ሲመሽ እንኳ ግባ ቢባል እሺ አይልም። ቀኑ የጾምና የጸሎት ቀን ነው፤ ብስክሌት መንዳቱን የሚነቅፉ ብዙ ምእመናን አሉ፤ ነቀፋቸውንም አከብራለሁ። እኔ የማነሣው ሥርዓቱን ሳይሆን ስለ ልጅ የሚያስተምረንን ነገር ነው። ለእነዚያ ልጆች ስለ ካሎሪ ያስተማራቸው፣ ወፍረሃል ብሎ የገሠጻቸው፣ ሽልማትም ቃል የገባላቸው ሰው የለም። መንገዱ ተከፈተ፤ ጓደኛ ደጅ ወጣ፤ ጊዜው የእነርሱ ሆነ። አዲስ አበባም ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በተመረጡ ቀናት አውራ ጎዳናዎችን ለመኪና ስትዘጋ ኳስ የሚያንከባልሉ፣ ገመድ የሚዘሉ፣ በስኬት የሚንሸራተቱ ልጆች አስፋልቱን ወረሱት። ሁለቱም የሚመሰክሩት አንድ ነገር ነው። የልጁ ፈቃድ አልሞተም፤ የጠፋው ዕድሉ ነው።

በምርምር የተደገፈ ማስረጃም አለ። በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት በኦገስታ ከተማ የተካሄደውና በ2012 የታተመው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 11 የሆነ፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈና እንቅስቃሴ የማያዘወትሩ 222 ልጆችን በዕጣ በሦስት ቡድን ከፈላቸው። አንደኛው ቡድን እንደወትሮው ኖረ፤ ሁለተኛው በሳምንት 5 ቀን ከትምህርት በኋላ 20 ደቂቃ፣ ሦስተኛው 40 ደቂቃ ለ13 ሳምንት ያህል ተንቀሳቀሰ። እንቅስቃሴው ምን ነበር? የሩጫ ጨዋታ፣ የገመድ ዝላይ፣ ለልጆቹ ተብሎ የቀለለ እግር ኳስና ቅርጫት ኳስ ነበር። ልጆቹ የልብ ምት የሚቆጥር መሣሪያ አስረው ይጫወቱ ነበር፤ ነጥብ የሚያገኙትም ጎል በማግባት ወይም ጓደኛን በማሸነፍ ሳይሆን ልባቸው ከተወሰነ ልክ በላይ እንዲመታ በመልፋታቸው ነው። በዚህ ሥርዓት ከባዱ ልጅ ከቀጭኑ አያንስም፤ እንዲያውም ትንሽ ሮጦ ልቡ ፈጥኖ ስለሚመታ ነጥቡ አያመልጠውም። ውጤቱ አበረታች ነበር። የተንቀሳቀሱት ልጆች ትንፋሻቸው በረታ፤ የሰውነታቸው ስብ ቀነሰ፤ ኢንሱሊን በሰውነታቸው ውስጥ የሚሠራበትም መንገድ ተሻሻለ፤ በጥቅሉም ጥቅሙ ከደቂቃው ጋር አብሮ የሚጨምር ሆነ። በስኳር በሽታ ለሚሰጋ ማኅበረሰብ ይህ ታላቅ ዜና ነው፤ መድኃኒቱ ጨዋታ ሆኖ ተገኝቷልና።

«እንቅስቃሴ ብቻውን ኪሎ አያወርድም፤ ዋናው ምግብ ነው» የሚሉ ሰዎች በከፊል እውነት ተናግረዋል። ልጅ አንድ ሰዓት ሮጦ ያቃጠለውን አንድ ትልቅ ጠርሙስ ጣፋጭ መጠጥ መልሶ ይሞላዋል። የምግቡ ነገር ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከጥር 2020 ጀምሮ በእስራኤል ስኳር፣ ጨው ወይም የማይመች ስብ በበዛበት የታሸገ ምግብ ላይ የሚለጠፈውን ቀይ ምልክት ማየት፣ ጣፋጭ መጠጡን ከቤት አስወጥቶ ውኃ ማስለመድ፣ ባምባና ቢሲሊ የተባሉት የታሸጉ ቁርጥራጮች የዘወትር መክሰስ እንዳይሆኑ መጠበቅ ያሻል። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ እንቅስቃሴ አይጠቅምም ማለት ስሕተት ነው። ሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር ምንም ሳይወርድ የልጁ ልብ፣ የደም ግፊቱ፣ አጥንቱ፣ እንቅልፉና መንፈሱ ሊሻሻሉ ይችላሉ። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ ኪሎ መቀነስ ራሱ አያስፈልገውም፤ ክብደቱ ባለበት ቆሞ ቁመቱ ቢጨምር በቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዚህ ምክንያት ነው በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ማቆምን ትታችሁ ልጁ በቀን ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ ቁጠሩ የምለው። ኪሎ በልጁ እጅ ያለ ነገር አይደለም፤ ሲጨምር ያስለቅሰዋል፣ ሳይቀንስ ሲቀር ተስፋ ያስቆርጠዋል። ደቂቃ ግን ዛሬውኑ ሊጨምረው የሚችለው፣ ሲጨምረውም የሚመሰገንበት ነገር ነው።

አነጋገራችንም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በእኛ ዘንድ ስለ ሰው ሰውነት በግልጽ መናገር የተለመደ ነው፤ ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ ገና በሩ ላይ «እንዴት ወፍረሃል!» ይላል። ለአዋቂ እንደ ሰላምታ የሚታለፈው ቃል የ10 ዓመት ልጅን ልብ ይወጋል። በትምህርት ቤት ግቢም ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። ሁለት ልጆች አለቃ ሆነው ቡድን ሲመርጡ፣ ስሞች አንድ በአንድ እየተጠሩ ሰልፉ ሲሳሳ፣ እርሱ መጨረሻ ይቀራል፤ ከዚያም ማንም ያልፈለገውን የበረኛነት ቦታ ይሰጡትና ኳሱ እስኪመጣ ቆሞ ይውላል። መንቀሳቀስ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ልጅ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ከሁሉ ያነሰ ይንቀሳቀሳል ማለት ነው። በዚህ ላይ ጥፋት ላጠፋ ልጅ ሜዳ መዞርን ቅጣት የሚያደርግ አስተማሪ ከተጨመረበት፣ ሩጫ በልጁ አእምሮ ውስጥ ከውርደትና ከቅጣት ጋር ተያይዞ ይቀራል። የስፖርት መምህራን ሆይ፣ ቡድኑን እናንተ ክፈሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀስበትን ጨዋታ ምረጡ፤ ሩጫንም ቅጣት አታድርጉት።

የከበደ ልጅ አጀማመሩም እንደሌላው ልጅ አይደለም። የሚሸከመው ብዙ ነው፤ ቶሎ ይሞቀዋል፤ ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን ያመዋል። ከመጀመሪያው ቀን ከፈጣኖቹ ጋር ማሽቀዳደም ማሳፈር ብቻ ነው። ክብደት የማይጎዳበትን፣ አንዳንዴም የሚጠቅምበትን ነገር እንፈልግለት። ውኃ ዋና፣ ክብደቱን ውኃው ስለሚሸከምለት፣ ምቹ ነው፤ ብስክሌት ጉልበትን ያሳርፋል፤ ገመድ ጉተታ፣ ውርወራና ትግል ለሚመስሉ ጨዋታዎች ደግሞ የእርሱ ጉልበት ያስፈልጋል። መጀመሪያ 10 ደቂቃ፣ ከሳምንት በኋላ 15፣ ከዚያ 20 እያሉ መጨመር ነው፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ልኩንም ያለ መሣሪያ ማወቅ ይቻላል። ልጁ እየተንቀሳቀሰ መናገር ከቻለ፣ መዝፈን ግን ካቃተው በቂ ነው፤ መናገር ካቃተው ጥቂት ያሳርፉት። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት፣ ከልክ ያለፈ የትንፋሽ ማጠር ካለ ከመቀጠል በፊት ሐኪም ይየው። በተለይ የከበደ ጎረምሳ ዳሌውን ወይም ጉልበቱን አሞት ማነከስ ከጀመረ «ስፖርት ጠልቶ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ የዳሌ አጥንት ከቦታው ሊንሸራተት የሚችልበት ሕመም ስላለ በዚያው ቀን ወደ ቁፓት ሖሊም (ወደ ጤና መድኅን ክሊኒካችሁ) ውሰዱት።

አሁን ወደ ከባዶቹ ተቃውሞዎች እንምጣ። የመጀመሪያው የሚመጣው ከአያቶቻችን ነው። «ልጅ ይብላ፣ ይወፍር፤ ረኃብን የማታውቁ ናችሁ እንዲህ የምትሉ» ይላሉ። ይህን ቃል በቀላሉ የሚያልፍ ሰው ታሪካችንን አያውቅም። ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል በእግር ሲመጡ በመንገድና በመጠለያ 4 ሺህ ያህል ሰዎች እንዳለቁ ይነገራል፤ መታሰቢያቸውም እዚሁ በሄርዝል ተራራ ላይ ቆሟል። ከዚያ የተረፈች አያት የልጅ ልጇን በሙሉ ሳህን ብትወድ ፍቅርዋን የምትገልጽበት መንገድ ነው። በኢትዮጵያም ዛሬ ድረስ ከውፍረት ይልቅ መቀንጨር ብዙ ልጆችን የሚጎዳ ችግር ነው። ነገር ግን የልጅን ሳህን አጉድሉ ያለ የለም። የጠገበ ልጅ ይንቀሳቀስ ነው የምንለው። አያቶቻችን በልጅነታቸው ያገኙት ትንሽ ምግብና ብዙ እንቅስቃሴ ነበር፤ ለልጅ ልጆቻቸው ምግቡን ማትረፍ ችለዋል፤ እንቅስቃሴውንም ቢያወርሷቸው ስጦታቸው ሙሉ ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የትምህርት ነው። ልጁ በዚህች አገር ሰው እንዲሆን ማጥናት አለበት፤ ጨዋታ ጊዜውን ይበላዋል ይባላል። ይህ ፍርሃት ከዝቅተኛ ደመወዝና ከብዙ ድካም የተወለደ ስለሆነ አከብረዋለሁ። ማስረጃው ግን ወደ ሌላ ያመለክታል። እነዚያው የኦገስታ ተመራማሪዎች በ2011 ባሳተሙት ጥናት 171 የከበዱና የማይንቀሳቀሱ ልጆችን ተመልክተው፣ በየቀኑ የተጫወቱት ልጆች ሐሳባቸውን የመሰብሰብና ሥራቸውን የማቀድ ችሎታቸው እንደተሻሻለ፣ በሂሳብም ከፍ እንዳሉ አገኙ። በንባብ ላይ ልዩነት አልታየም፤ ስለዚህ ሩጫ ሁሉን ያስተምራል አንልም። ዋናው ነገር ለጨዋታ የሰጡት ጊዜ ትምህርታቸውን አለመጉዳቱ ነው። ደግሞስ የልጁን ጊዜ በእርግጥ የሚበላው ጨዋታ ነው? ከትምህርት ቤት ከተመለሰ ጀምሮ እስኪተኛ ድረስ በስልክ ላይ የሚያልፈውን ሰዓት ቁጠሩና ፍረዱ። የጨዋታው ሰዓት ከስልኩ ላይ ይወሰድ፣ ከደብተሩ ላይ አይወሰድ። ስልኩም በልመናና በጩኸት አይወሰድም፤ «ተው» የተባለ ልጅ ምን እንደሚያደርግ ካልተነገረው ወደዚያው ይመለሳል። የተሻለ ነገር በተወሰነ ሰዓት ይጠብቀው፤ ማታም ስልኩ ከልጁ መኝታ ክፍል ውጭ ይደር።

ሦስተኛው የደኅንነት ጥያቄ ነው፤ ከሁሉም የከበደው ይህ ይመስለኛል። ኢየሩሳሌም የምትፈራበት ቀን አለ። መኪናው ብዙ፣ መንገዱ ጠባብ፣ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ የጥቁር ልጅ ወላጆች ልዩ ስጋት አለባቸው። በ2015ም በ2019ም ወገኖቻችን በፖሊስ አያያዝ ተቆጥተው አደባባይ የወጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ጎረምሳ ልጇን «ከቤት አትውጣ» የምትል እናት ሰነፍ ወይም አላዋቂ አይደለችም፤ የምትከላከለው እውነተኛ አደጋ አለ። ነገር ግን ልጁን ቤት መዝጋት አንዱን አደጋ አስቀርቶ ሌላውን ያስገባል፤ የኋለኛው ድምፅ ስለሌለው አናየውም። መፍትሔው ልጁን ብቻውን መልቀቅም፣ ቤት ዘግቶ ማስቀረትም አይደለም። አዋቂ ያለበት ጨዋታ ነው። ሦስት አራት ወላጆች ተራ ገብተው አንዱ ሰኞ፣ አንዱ ረቡዕ ሜዳው አጠገብ ቢቀመጥ፣ ሰፈሩም ይጠበቃል፣ ልጆቹም ይጫወታሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ሴቶች ልጆችን በተመለከተ ደግሞ ይህ እጥፍ ያስፈልጋል፤ ከላይ እንዳየነው ከወንዶቹ ያነሰ የሚንቀሳቀሱት እነርሱ ናቸው። ወንድሟ ኳስ ሲጫወት እርሷ ታናሿን ትይዛለች ወይም ወጥ ቤት ትረዳለች። የቤት ሥራው ለሁለቱም፣ ሜዳውም ለሁለቱም ይሁን።

አራተኛው የገንዘብና የጊዜ ችግር ነው። በማትናስ (በሰፈር የማኅበረሰብ ማእከል) የሚሰጠው ሑግ (ከትምህርት በኋላ ያለ ሥልጠና) ክፍያ አለው፤ የዋና ትምህርት፣ የስፖርት ጫማ፣ የትራንስፖርት ወጪ አራትና አምስት ልጅ ላለው ቤት ከባድ ነው። በፈረቃ የሚሠራ ወላጅም ልጁን ከምሽቱ በ4 ሰዓት እንጂ በቀን አያየውም። ለዚህ ሁለት መልስ አለ። አንደኛ፣ ክፍያ የማይጠይቅ ብዙ ነገር በእጃችን አለ። ሰኞ ማክሰኞ ለመጫወት ጠመኔ ይበቃል፤ አባሮሽ፣ ድብብቆሽ፣ ሌባና ፖሊስ፣ ገመድ ዝላይ ምንም አያስወጡም፤ የገና ጨዋታም ዱላና ሩር እንጂ ሌላ አይፈልግም። ዝናብ ሲዘንብና ሲበርድ እስክስታ አለ። ሳሎን ውስጥ ሦስት ዘፈን ሳያቋርጥ የመታ ልጅን ተመልከቱት፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ፣ አንገቱ ሲሰበቅ፣ ጉልበቱ ሲታጠፍና ሲዘረጋ በሦስተኛው ዘፈን ግንባሩ በላብ ይርሳል። የከበደ ልጅ በእስክስታ ከማንም አያንስም፤ ብዙ ጊዜም ይበልጣል። ሁለተኛ፣ ገንዘብ ያጠረው ቤተሰብ ብቻውን መሸከም የለበትም። ግብር እንከፍላለን፤ ከማዘጋጃ ቤቱ የክፍያ ቅናሽ፣ የትምህርት ቤት ግቢዎች ከሰዓት በኋላ ክፍት መሆን፣ በየሰፈሩ መብራት ያለው ሜዳ መጠየቅ መብታችን ነው። አንድ እናት ብትጠይቅ ጥያቄዋ ይረሳል፤ መቶ ወላጅ ፈርሞ ሲያቀርብ መልስ ያገኛል።

ከተማችንም ዳገቷና መኪናዋ ቢበዛም ለሚሄድ ሰው የሚመቹ መንገዶች አሏት። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከተጠናቀቀው ከኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ፣ በነቢያት ጎዳና ወርዶ፣ በደማስቆ በር ገብቶ የኢትዮጵያውያን ገዳም ዴር ሱልጣን ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ደርሶ መልስ የልጁን የቀን 60 ደቂቃ ለመሙላት ይቃረባል፤ የአባቶቹንም ታሪክ በእግሩ ያስተምረዋል። በደቡብ በኩል አሮጌው የባቡር ሐዲድ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሆኗል፤ የሳኬር ፓርክ ሣርም ለሁሉም ክፍት ነው። ቅዳሜ መኪና የማይነዳ ቤተሰብ ወደ ምኵራብ በእግሩ ይሄዳል፤ መመለሻውን ትንሽ ማስረዘም ብቻ ነው የሚቀረው። የቤተ እስራኤልን በዓል ስግድንም አስቡ። በጎንደር አባቶቻችን ጾመው፣ ልጆቻቸውን ይዘው፣ በአምቦበር አካባቢ ተራራ ይወጡ ነበር፤ ዛሬም በየዓመቱ በኅዳር ወር ገደማ ሺዎች በአርሞን ሃነጺቭ ከፍታ ላይ ይሰበሰባሉ። ከ2008 ጀምሮ የአገሪቱ ብሔራዊ በዓል ነው። ጸሎትን ከእግር ጉዞ ጋር ያዋሃደ ሕዝብ ልጆቹን እንዲሄዱ ለማስተማር ከሌላ የሚበደረው ነገር የለም።

ስለዚህ የምንለያየው ሥራ ተከፋፍለን ይሁን። ወላጆች፣ ከነገ ጀምሮ በልጃችሁ ቀን ውስጥ አንድ የጨዋታ ሰዓት ወስኑ፤ እንደ ምግብ ሰዓት የማይሻር ይሁን፤ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ እናንተም አብራችሁት ውጡ፤ ልጅ ከምክር ይልቅ የሚከተለው አብሮት የሚሄደውን ሰው ነው። ዘመዶች፣ ስለ ልጁ ውፍረት በፊቱ አትናገሩ። ካህናትና ቄሶች፣ በስብከታችሁ ሰውነትን መጠበቅ ለፈጣሪ ምስጋና መሆኑን አስተምሩ፤ ግቢያችሁንም ከሥርዓቱ ውጭ ባለው ሰዓት ለልጆች ክፈቱ። ወጣቶች፣ ታናናሾቻችሁን ሰብስባችሁ አጫውቱ፤ በቆጂ ላይ አንድ መምህር ያደረገውን እናንተ በሰፈራችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ከእነዚህ ልጆች ምናልባት አንዱም ሜዳሊያ አያመጣም፤ ሜዳሊያም አልጠየቅናቸውም። የምንፈልገው በ30 ዓመታቸው ከስኳር በሽታ መርፌ ጋር እንዳይቆራኙ፣ በሰውነታቸው እንዳያፍሩ፣ ደረጃ ሲወጡ እንዳያለከልኩ ነው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ጊዜ በቀን አንድ ሰዓት ነው፤ እርሱን ለመስጠት ደግሞ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ አያስፈልገንም።